የተስማማ ሁሉ እውነት ነውን?

ብዙ ሰዎች፥ ቁጥር አይዋሽም ይላሉ። አነጋገሩ ሲሰሙት ደስ ያሰኛል፤ በሌላው ነገር ሁሉ ተጠራጥሮ በቁጥር የሚያምን ሰውም እጅግ የሚነቀፍ አይደለም። እኔ ግን በልጅነቴ አንድ ጊዜ፥ በጎልማሳነቴም አንድ ጊዜ፥ ቁጥር ሲዋሽ በዓይኔ አይቻለሁ። ይልቁንም እኔው በቁጥር አፍ ስዋሽ ራሴን አግኝቼዋለሁ ብል ይሻላል። ስለዚህ ነገሩን ለወጣት አንባብያን ሳልገልጽ ማለፍ አልወደድሁም።

ያደግሁት በአዲስ አበባ ከተማ በደቡብ በኩል፥ በጎፋ ሰፈር ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት ጎፋ እንደ ዛሬው ፎቅና የታክሲ ግፊያ የሞላበት አልነበረም፤ ባሕር ዛፉ ብዙ፥ ጭቃው ብዙ፥ ሰዉ ጥቂት ነበር። ከቤታችን ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ ሽማግሌ የኔታ ነበሩ። ጧት ጧት ለሕፃናት ፊደልና ንባብ ያስተምራሉ፤ ወደ ማታ ደግሞ ለሚፈልግ ሰው ባሕረ ሐሳብ ይነግራሉ። እኛ አራት ልጆች ቀን ቀን ዘመናዊ ትምህርት ቤት የምንውል ስለ ነበርን፥ ማባዛትና ማካፈል ስለምናውቅ በየኔታ ፊት ጥቂት እንኰራ ነበር። ከአራታችንም ይልቅ የምኰራው እኔ ነበርሁ።

አንባቢዬ ሆይ፥ ባሕረ ሐሳብ ማለት አባቶቻችን አጽዋማትንና በዓላትን የሚያወጡበት የዘመን ቁጥር ነው። ትውፊቱ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ እንደ ደረሰው ይነግረናል። ሥራውም ሦስት ነገሮችን ማስታረቅ ነው። አንደኛው ሰባቱ ዕለታት ናቸው፤ ፋሲካ ከእሑድ መውጣት የለበትምና። ሁለተኛው አራቱ ወንጌላውያን ናቸው፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ትሆናለችና። ሦስተኛው ጨረቃ ናት፤ እርስዋም በ19 ዓመት አንድ ጊዜ በሌሊትዋ ወደ ነበረችበት ቀን ትመለሳለች። 4ን በ7፥ ያንንም በ19 ብናበዛው 532 እናገኛለን። አራት፥ ሰባትና ዐሥራ ዘጠኝ ከ1 በቀር ሌላ የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፥ ሦስቱ ተገናኝተው እንደገና ከመነሻቸው የሚቆሙት ከ532 ዓመት በፊት ሊሆን አይችልም። ይህንን ዘመን ሊቃውንቱ ዐቢይ ቀመር ይሉታል።

አንድ ማታ የኔታ እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «ፋሲካ ከነዕለቱ፥ ከነወንጌላዊው፥ ከነጨረቃው ወደ ነበረበት የሚመለሰው በ532 ዓመት ነው ብለናል። በቀን ሲቆጠር ስንት ይሆናል?»

እኔም ወዲያው በእርሳስ 532ን በ365 አበዛሁና 194,180 አገኘሁ። ፈተናውንም ዐውቅ ነበር። ቁጥሩ እውነተኛ ከሆነ ዕለቱ መመለስ አለበት፤ ስለዚህ ለሰባት መካፈል ይገባዋል። ለሰባት ባካፍለው 27,740 ደርሶ ምንም ሳይተርፍ ቀረ። ለ19 ባካፍለውም 10,220 ደረሰ፤ እዚህም ቀሪ የለም። ስለዚህ በደስታ፥ «የኔታ፥ ሰንበትም መሰከረች፥ ጨረቃም መሰከረች» ብዬ ጮኽሁ።

ከአራታችን ሁሉ ዝምተኛ የነበረው ልጅ በአጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ወረቀቱን አየሁበት፤ 194,313 ይላል። «ይህ ደግሞ ከየት የመጣ ጉድ ነው? 13 ብሎ የሚያልቅ ቁጥር ለምን ይካፈላል?» ብዬ ሳቅሁበት፤ ሌሎቹም ሳቁ። ልጁ የእኔን ማካፈል፥ የእኔንም ጩኸት አይቶ ቁጥሩን በጣቱ ፈትጎ አጠፋውና 194,180 ብሎ ጻፈ። ቁጥሩ እንዲካፈልና እንዳይካፈል እንኳ አልሞከረውም። እኔም አልሞከርሁለትም።

የኔታ ይህን ሁሉ አይተው ነበርና፥ «ለምን አጠፋኸው?» አሉት።

«እሱ አረጋግጦታል፥ የኔታ» አለ።

ወደ እኔ ዞረው፥ «ልጄ፥ አራት ዓመት ስንት ቀን ነው?» አሉኝ። «1,461» አልሁ። «እንግዲያስ ቁጥርህን ለዚያ አካፍለው።» አካፈልሁት፤ 1,328 ተረፈ። ደግሜ ሠራሁት፤ አሁንም 1,328። ከዚያ በኋላ የጠፋውን የባልንጀራዬን ቁጥር ራሳቸው ነግረውኝ አካፈልሁት። 133 ደረሰ፤ ቀሪም የለውም። ለሰባትም ይካፈላል፥ 27,759 ነው፤ ለ19ም ይካፈላል፥ 10,227 ነው። «ጳጉሜን 6ን ወዴት አደረግሃት?» አሉኝ። በ532 ዓመት ውስጥ 133 ጊዜ የምትመጣውን ቀን፥ 133ቱንም ጊዜ ረስቻት ኖሯል።

ከዚያም እስከ ዛሬ የማልረሳውን ነገር ተናገሩ። «ሰባቱን አንተው አስገብተህ፥ ዐሥራ ዘጠኙንም አንተው አስገብተህ፥ መልሰህ አንተው ምስክር አድርገህ ጠራሃቸው። ከቤትህ ያደረ፥ ከማዕድህ የበላ እንግዳ ይመሰክርልሃል እንጂ ይመሰክርብሃልን?»

ነገሩ በእርግጥ እንዲሁ ነው። 532 ራሱ የሰባትና የ19 ብዜት ስለሆነ በማናቸውም ቁጥር ባበዛው፥ በ365ም ቢሆን በ300ም ቢሆን፥ ለሰባትና ለ19 መካፈሉ አይቀርም። እኔ ፈተና ያልሁት ነገር ፈተና አልነበረም፤ በገደል ፊት ቆሞ የራስን ድምፅ እንደ መስማት ነበር። ሦስተኛው ምስክር፥ 1,461 ግን፥ ከእኔ ሥራ አልተወለደም። እርሱ ከፀሐይ መንገድ የመጣ ስለሆነ ለእኔ የሚያዳላበት ምክንያት አልነበረውም።

ስለዚህ ስለ 194,313 ጥቂት ልናገር፤ ውበቱን ያወቅሁት ካፈርሁበት በኋላ ነውና። ይህ ቁጥር እስከ ሥሩ ሲፈታ 3፥ 7፥ 19 እና 487 ይሆናል። አራቱም፥ ከራሳቸውና ከ1 በቀር ሌላ አካፋይ የሌላቸው፥ በትምህርት ቤት ብቸኛ ቁጥር የምንላቸው ናቸው፤ ከአራቱም አንዱ እንኳ ሁለት ጊዜ አልገባም። ሰባቱ የሳምንቱ ድርሻ ነው፤ ዐሥራ ዘጠኙ የጨረቃ ድርሻ ነው። 3 እና 487 ግን ለየብቻቸው በሰማይ ምንም ነገር አያመለክቱም፤ ሲጋቡ ብቻ 1,461 ሆነው የአራት ዓመትን ቀኖች ያስገኛሉ። በአካፋይነት የሚገቡበትን ቁጥሮች ሁሉ ብንቆጥር 16 እናገኛለን።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ይህ ነው፦ ቁጥሩ ለ19 ሲካፈል የሚደርሰው 10,227፥ የ28 ዓመት ቀኖች ቁጥር ነው፤ ይኸውም ሊቃውንቱ ዐውደ ፀሐይ የሚሉት ነው። ለሰባት ሲካፈል የሚደርሰው 27,759፥ የ76 ዓመት ቀኖች ቁጥር ነው፤ ይኸውም ዐውደ ማኅተም የሚባለው ነው። ልጅ ሳለሁ፥ ጨረቃ በ19 ዓመት ከተመለሰች 76 ለምን አስፈለገ? እያልሁ እጠይቅ ነበር። ምክንያቱ 19 ዓመት 6,939 ቀን ከሦስት ሩብ ስለሚሆን ነው። ሩብ ቀን ደግሞ በዓል ሊሆንባት አይችልም። ይህቺ ስንጥር የምትሞላው 19 ዓመት አራት ጊዜ ሲደገም ነው። ቢሞላም ዕለቱ ገና አልተመለሰም፤ 27,759 ለሰባት ሲካፈል አራት ይተርፋልና፥ ዛሬ እሑድ የነበረ ከ76 ዓመት በኋላ ሐሙስ ይሆናል። ስለዚህ ሰባት ማኅተም መጠበቅ ግድ ሆነ። ከፍጥረት ዓለም ጀምሮ በሚቆጠረው ዘመን 14 ዐቢይ ቀመር 7,448 ዓመት ነው፤ ከዚያ 5,500ውን ብንቀንስ 1948 ዓ.ም. ይመጣል። እንግዲህ ዐሥራ አምስተኛው ቀመር መስከረም 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ጀምሮ በ2480 ዓ.ም. መጨረሻ ይፈጸማል ማለት ነው። የ70 ዓመት ዕድሜ 25,567 ቀን ያህል ብቻ ስለሆነ፥ ይህን ቁጥር ከዳር እስከ ዳር ለመኖር ሰባት ተኩል የሰው ዕድሜ አይበቃም።

እነሆ ሁለተኛውን ነገር ልናገር። ይህን መጻፍ አይቀለኝም።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአንድ የንግድ ቤት የሒሳብ ጸሐፊ ነበርሁ። ሰኔ 30 ቀን መዝገቡን ዘጋሁት፤ የዴቢቱና የክሬዲቱ ድምር እስከ ሳንቲሙ ድረስ እኩል ሆነ። ደስ ብሎኝ ፈረምሁ። የዕቃ ቤቱ ቆጠራ ሲመጣ ግን በመዝገቡ ካለው 60 ኩንታል ስኳር ጐደለ። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ። ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው፥ «ልጄ፥ ያልገባ ስኳር እንዴት አድርጎ ይጐድላል? እስቲ መዝገቡን ደግመህ እየው» አሉኝ። እኔም፥ «ጋሼ፥ መዝገቡ ተዘግቷል፤ በሁለቱም ወገን እኩል ነው» ብዬ መለስሁላቸው። በዚያች ሰዓት የኔታ ትዝ አላሉኝም። እኒያ ሰው ከሥራ ወጡ፤ ዋሳቸው የነበረ የሰፈራችን ሰውም ተጠርቶ የስኳሩን ዋጋ ከፈለ።

በጥቅምት ወር ስኳሩን የሸጠልን ነጋዴ የሚፈልግብንን ገንዘብ ጽፎ ላከ። ከእኛ መዝገብ ያነሰ ነበር። ባላንጣ እንኳ ቢሆን ከሚገባው ያነሰ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ አወጣሁ። የ60 ኩንታሉን የገቢ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ጽፌው ኖሯል። በዕቃው ሒሳብ ሁለት ጊዜ፥ በነጋዴውም ሒሳብ ሁለት ጊዜ። በሁለቱም ወገን እኩል ስለ ተሳሳትሁ ሚዛኑ አልተናጋም። ሁለቱንም ወገን የጻፈው አንድ እጅ ነበርና እርስ በርሳቸው ቢስማሙ ምን ያስደንቃል?

ነገሩን ባወቅሁ በዘጠነኛው ቀን ለአለቃዬ ተናገርሁ። ዘጠኝ ቀን! ስለ ስሕተቱ ሰው ይቅር ሊለኝ ይችላል፤ ደክሞኝ ነበር፥ ደረሰኞቹም ተደራርበው ነበር። ስለ ዘጠኙ ቀን ግን ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ። በየማታው ነገ እናገራለሁ እያልሁ እተኛ ነበር፤ በየጧቱም መዝገቡ እኮ እኩል ነው፥ ማን ያውቃል? የሚል ሐሳብ ቀድሞኝ ከመሥሪያ ቤቱ ይደርስ ነበር።

ገንዘቡ ለዋሱ ተመለሰ። ሥራው ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። እኒያ ሰው ለመፈረም በመጡ ጊዜ ቆሜ ተቀበልኋቸው። ፈርመው ብዕሩን ካስቀመጡ በኋላ፥ «ያን ቀን መዝገብህን ከደረሰኙ ጋር አስተያይተኸው ነበርን?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አላስተያየሁም» አልሁ።

«እኔ ግን ስኳሩን ሦስት ጊዜ ቆጥሬው ነበር» አሉና ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

አንድ አስተዋይ ወጣት ይህን ሲያነብ፥ እንግዲያስ ያ ያመሰገንኸው 194,313 ራሱ ከሰማይ ጋር ተስተያይቷልን? ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ልሸሸው አይገባኝም። በ532 ዓመት ውስጥ ጨረቃ 6,580 ጊዜ ትወለዳለች ተብሎ ይቆጠራል። ከልደት እስከ ልደት ያለው ጊዜ በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ከ3 ሴኮንድ ያህል ነው፤ ይህን በ6,580 ብናበዛው ከ194,313 በ1 ቀን ከ17 ሰዓት ገደማ ያንሳል። ፀሐይም እንዲሁ ናት፤ ዓመትዋ ከ365 ቀን ከሩብ በዐሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ስለሚያንስ፥ በአንድ ዐቢይ ቀመር ውስጥ ልዩነቱ ከ4 ቀን ጥቂት ይበልጣል። በአውሮፓ ይህ ልዩነት ተጠራቅሞ ስላስቸገረ በ1582 እ.ኤ.አ. ከቁጥራቸው 10 ቀን አወጡ፤ የዓመቱንም የጨረቃውንም ደንብ አሻሻሉ። የማረሙ ዋጋ ግን ቀላል አልነበረም፤ በእነርሱ ደንብ የፋሲካ ቀኖች ተራ እንደገና ከመነሻው የሚጀምረው ከ5,700,000 ዓመት በኋላ ነው፤ በቀን 2,081,882,250 ይሆናል። የእኛን ቁጥር አንድ ሽማግሌ በጎጆው ጥላ ሥር ተቀምጦ በጣቱ ሊቆጥረው ይችላል። ያኛውን ግን ማን ይቆጥረዋል?

እንግዲህ እንደ አሳቤ፥ ባሕረ ሐሳብና የእኔ መዝገብ በአንድ ሚዛን የሚመዘኑ አይደሉም። ባሕረ ሐሳብ ሕዝብ ሁሉ በአንድ ቀን ይጾም፥ በአንድ ቀን ይፈስክ ዘንድ የተዋዋለበት ኪዳን ነው። ጨረቃ በአንድ ቀን ብትቀድም ሁላችን አብረን እንዘገያለን፤ ማንም ሰው ብቻውን ከሥራ አይወጣም፥ የማንም ዋስ አይከፍልም። ልዩነቱም የተሰወረ አይደለም፤ ቀና ብሎ ጨረቃን የሚያይ ሁሉ ሊያገኘው ይችላል። የእኔ መዝገብ ግን ምስክርነት ነበር። እኔ ጻፍሁት፥ እኔ አረጋገጥሁት፥ ስሕተቱን ግን ሌላ ሰው ተሸከመው። ስለዚህ ስለ አንድ ቁጥር ትክክል ነው ወይስ አይደለም ብሎ መጠየቅ አይበቃኝም፤ ቢሳሳት የሚሸከመው ማን ነው ብዬም እጠይቃለሁ። በዚህ የማይስማሙ ሊቃውንት እንዳሉ ዐውቃለሁ፤ ስሕተት የትም ቢሆን ስሕተት ነው ይላሉ። ይሁን፤ እኔ ግን የእኒያን ሰው ባርኔጣ አይቻለሁ።

በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 27 ቀን ዋለ። በዋዜማው ቅዳሜ ማታ ጎፋ በሚገኘው ቤቴ በራፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ወደ ጎፋ ገብርኤል የሚሄዱ ሰዎች ነጠላቸውን ለብሰው ጧፍ ይዘው ያልፋሉ፤ ከየቤቱ የዶሮ ወጥ ሽታ ይመጣል። ከ532 ዓመት በፊት፥ በ1484 ዓ.ም.፥ በአፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት፥ ፋሲካ በዚችው በሚያዝያ 27 ቀን እንደ ዋለ አሰብሁ። ዳግመኛ በዚሁ ተራ የምትመጣው በ2548 ዓ.ም. ነው።

የጎረቤቴ የልጅ ልጅ፥ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፥ ከአጠገቤ ተቀምጦ በስልኩ ይጫወት ነበር። ጥያቄውን ጠየቅሁት። 532ን በ365 አበዛና፥ «194,180 ነው፥ አባባ» አለ። ዐይኑ ከስልኩ አልተነሣም።

«እርግጠኛ ነህን?»

«ለሰባትም ለ19ም እኩል ይካፈላል፤ ይኸው» ብሎ አሳየኝ።

ሳቄ መጣ፤ ግን አልሳቅሁበትም። አራት ዓመት ስንት ቀን እንደ ሆነ ጠየቅሁት። ጥቂት አሰበና ጳጉሜን በጣቱ መቁጠር ጀመረ፤ አምስት፥ አምስት፥ ስድስት ... እዚያ ሲደርስ አፉን ያዘ። ከዚያ ስልኩን መሬት አስቀምጦ፥ «አባባ፥ እርሳስ አለህ?» አለኝ።